ዘውድ በዙር፦ የአኙዋ ኚያና ኳሮ

የስዊድኑ ፓራዶክስ ኩባንያ የሠራው «ክሩሴደር ኪንግስ» የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ሦስተኛ ክፍሉ በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል። ተጫዋቹ የሚይዘው አንድን ንጉሥ ሳይሆን አንድን ሥርወ መንግሥት ነው። ንጉሡ ሲሞት በወራሹ ቦታ ገብቶ ይቀጥላል። ጭንቁም እዚያ ላይ ይጀምራል። ግዛቱ ለወንድማማቾች ይከፋፈላል፤ አዲሱን ንጉሥ ገና ያልለመዱት መኳንንት ያጉረመርማሉ፤ ስጦታ ያልደረሳቸው ደግሞ ተማምለው ከዚያው ቤት ሌላ ሰው ለማንገሥ ይነሳሉ።

ጋምቤላ ውስጥ ይህን ጨዋታ የሚጫወት ወጣት ካለ፣ የአኙዋ ሕዝብ ሽማግሌዎችን ቢጠይቅ ስለ ሹመትና ስለ ውርስ ጨዋታው ከያዘው የላቀ ትምህርት ያገኛል። አኙዋዎች ዘውድን የማስተላለፍ የራሳቸው ብልሃት ነበራቸው፤ እኔ በሌላ አገር ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ አላነበብኩም።

ከመንደሩ እንጀምር። በአኙዋ ምድር ሁለት ዓይነት ሹም ነበር። አንዱ ኳሮ ይባላል፤ የአንድ መንደር አለቃ ነው። ሌላው ኚያ ሲሆን ከንጉሣዊው ዘር የሚወለድ መስፍን ነው። በባሮ ወንዝ አካባቢ በብዛት የሚያስተዳድሩት ኳሮዎች ነበሩ፤ መሳፍንቱ ደግሞ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ አኮቦ ወንዝ በኩል ይበዙ ነበር።

ኳሮው ሲታይ ታላቅ ጌታ ነበር። ወደ ግቢው የሚገባ ሰው ጎንበስ ብሎ ይቀርባል። የመንደሩ ከበሮ እሱ ዘንድ ይቀመጣል፤ ከታደነ አውሬ ድርሻው ይመጣለታል፤ እርሻውንም ሰው ተሰብስቦ ያርስለታል። ታዲያ ይህ ሁሉ የሚገባለት መልሶ እንዲያበላ ነው። ማሽላው ጠላ ሆኖ ለመንደሩ ይቀርባል፤ ሥጋው ይከፋፈላል፤ ሚስት ለማግባት ዶቃ ያነሰው ጎልማሳ እሱ ደጅ ይቆማል። የሚሰጠው ያለቀበት ወይም የሰሰተ ኳሮ ላይ ግን አጌም ይነሳል። አጌም የመንደር አመፅ ነው። ኳሮው ይባረርና ከዚያው ዘር ወንድሙ ወይም የአጎቱ ልጅ ይተካል። የተባረረው ወደ እናቱ ወገኖች መንደር ይሄዳል፤ ነገር ሲለወጥና ደጋፊ ሲያገኝ የሚመለስበትም ጊዜ አለ። መንደሩ በአለቃው ላይ እጁን ያነሳል እንጂ አለቅነቱን አይነካም።

እንግሊዛዊው የሥነ ሰብዕ ምሁር ኤድዋርድ ኢቫንስ ፕሪቻርድ ይህን ሥርዓት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1940 መጽሐፍ አሳትሞበታል።

የኚያዎቹ ነገር ከኳሮው ይለያል። የንግሥናቸው ምልክት ኦችዋክ የተባለ የዶቃ ሐብል ነው፤ በርጩማና ጦርም አብረውት አሉ። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ልጆች ወንዝ ዳር በአንድ ዓሣ ሲጣሉ ኦቹዶ የተባለ ሰው ከውኃ ወጥቶ ገላገላቸው። ሰዎች ይዘው ወደ መንደር አመጡት። ከአለቃው ልጅ ወንድ ልጅ ወለደ፤ ከዚያ ዶቃዎቹን ትቶ ወደ ወንዙ ተመለሰ። መሳፍንቱ የሚወለዱት ከዚያ ልጅ ነው። ዘውዱ ዳኛ ሆኖ የመጣ ሰው ትቶት የሄደው መሆኑን ልብ ይሏል።

ዋናው ሕግ ደግሞ ይኸውና። የኚያ ልጅ ኦችዋክን ካላጠለቀ የእሱ ልጆች መስፍንነታቸውን ያጣሉ፤ ተራ ሰው ይሆናሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ መስፍን ዘውዱን የሚፈልገው ዕድሜ ልኩን ሊይዘው አይደለም። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ዶቃውን አንገቱ ላይ ለጥቂት ጊዜ ቢያደርግ እንኳ የልጆቹ መብት ይጠበቃል። ኦችዋክ ከአንዱ መስፍን ወደ ሌላው ይዞር ነበር፤ አንዳንዴ በስምምነት፣ አንዳንዴ በጦር። ነገሥታቱ ከብዙ መንደር ያገቡ ስለነበር ልጆቻቸው በየእናታቸው ወገን ያድጋሉ። ለዘውድ ሲነሱም ጦራቸው የእናታቸው መንደር ነው። ጨዋታው ውስጥ ወራሾች ግዛት ይከፋፈላሉ፤ እዚህ ግን የሚካፈሉት ዘውዱን ራሱን ነበር።

ጠመንጃ ይህን ዙር አወከው። በዝሆን ጥርስ ንግድ ከኢትዮጵያ ደጋ በኩል የገባውን መሣሪያ ከሁሉ በላይ ያከማቸው መስፍኑ አክዌይ ዋ ቻም ነበር። በ1904 ዓ.ም. እንግሊዞች ከሱዳን ጦር ቢልኩበት ከባድ ጉዳት አድርሶ መለሰው። ከዚያ ቀደም በ1894 ዓ.ም. የተፈረመው የወሰን ውል አኙዋን በኢትዮጵያና በሱዳን ለሁለት ከፍሎ ነበር፤ በዚያው ውል ምኒልክ ባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ለእንግሊዝ ፈቀዱ፤ ጋምቤላ ከተማ የተነሳችውም ከዚያ ነው።

አክዌይ ከሞተ በኋላ የሱዳኑ የእንግሊዝ አስተዳደር ኦችዋክ በልጁ በቻም ዘንድ እንዲቀመጥ አደረገ፤ ሌሎቹ መሳፍንት እሱ ጋ እየመጡ እንዲያጠልቁ ተወሰነ። ደም መፋሰሱ እንደቀነሰ አልጠራጠርም። ቢሆንም ውሳኔው የተወሰነው አኙዋን ለመጥቀም ብቻ አልነበረም፤ ገዢዎቹ ስለ ሁሉም የሚጠየቅ አንድ ሰው ፈልገው ነው። ብዙ ቤቶችን በእኩል ተስፋ ያኖር የነበረው ዘውድ የአንድ ቤት ሆነ፤ ይህ ያሳዝነኛል።

በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ደርግ ኳሮንም ኚያንም ሻረ፤ ዲሙይ በተባለው ዶቃ ጥሎሽ መክፈልንም ከለከለ። ሹመቱ ሲሻር የሚያበላውም ሰው አብሮ ጠፋ። ቀበሌ በኳሮው ቦታ ሲገባ ትእዛዝ የሚሰጥ እንጂ ድግስ የሚደግስ አልነበረም፤ በአጌም የሚወርድም አልነበረም።

የንጉሡ መቀመጫ ዛሬም ከአኮቦ ማዶ፣ በደቡብ ሱዳን ፖቻላ ወረዳ ኦታሎ ነው። ንጉሥ አዶንጎ አጋዳ በ2004 ዓ.ም. ሲያርፉ ቦታውን የወሰዱት ወንድማቸው አክዋይ አጋዳ ናቸው፤ ሁለቱም የዚያው የአክዌይ ቤት ልጆች።