ጓሳ፦ ሣሩ፣ ቀበሮውና የምንጩ ውኃ

«አውሬ የሚውልበት ሣር ሜዳ ቢታረስ አይሻልም ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱን ከመንዝ እንፈልገው።

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ፣ ጓሳ የሚባል ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ጥብቅ ቦታ አለ። ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱ አይጣል ነው! ጓሳ የሣሩም ስም ነው። ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ ለዝናብ ጌሳ ይሠራበታል። ከዚህ ሌላ ዝናብ ሲጥል ጥቅጥቅ ያለው ሣር ውኃውን ይይዘዋል። ውኃው ቀስ እያለ ወደ ረግረጉ ሸለቆ ይወርድና ምንጭ ይሆናል። በአንድ ወገን ወደ ዓባይ፣ በሌላው ወደ አዋሽ ይፈሳል። ሣሩ ከተነቀለ ግን ክረምት ጎርፍ፣ በጋ ደረቅ ወንዝ ነው።

ቀይ ቀበሮስ ምን ይሠራል? ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የለም። በሕይወት ያሉት አዋቂዎች ከ500 አይበልጡም። ግልገል ፈጽሞ አይነካም አልልም፤ ዋና ምግቡ ግን አይጥና ፍልፈል ነው። አጥኚዎች በጓሳ ሲከታተሉት፣ ብቻውን ሲያድን ከ100 ሙከራ 25 ጊዜ ያህል ሲሳካለት፣ በጭላዳ መንጋ መካከል ሲያድን 67 ጊዜ ያህል ተሳክቶለታል። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። ደንቆኛል!

ይህን ቦታ ያቆየው ዘበኛ ብቻ አይደለም። የአስቦና የጌራ ወገኖች በየአባ ቄራቸው እየተመሩ፣ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሣሩን ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጉት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ሥልጣኑ ወደ ገበሬ ማኅበራት ዞረ፤ ቄሮው ላላ፤ ሣሩም ያለጊዜው ይታጨድ ጀመር። በኋላ ግን ነዋሪው ራሱ ተሰብስቦ መተዳደሪያ ደንብ አወጣና እንደገና ዘጋው።

አሁን የሚያሰጋው ውሻ ነው። የእረኛ ውሻ ካበደ ቀበሮውን ይነክሳል፤ ቀበሮውም በመንጋ ስለሚኖር በሽታው ቶሎ ይዛመታል። በ1996 ዓ.ም. በባሌ፣ በወይብ ሸለቆ፣ ይኸው በሽታ የዚያን ሸለቆ ቀበሮዎች አብዛኞቹን ጨርሷል። ያበደ ውሻ ልጆቻችሁንም አይምርም። ስለዚህ የውሻ ክትባት ሲመጣ ውሻችሁን አስራችሁ አቅርቡ፤ ወደ ጓሳ ስትወጡም ቤት ተዉት።