ነቀዝ ወይስ እንጨት ቦርቧሪ? የጎተራ ጥንዚዛዎችን እንዴት እንለያቸዋለን?

በተከማቸ እህል ውስጥ የምናገኘውን ትንሽ ጥንዚዛ ሁሉ በተለምዶ «ነቀዝ» እንለዋለን። ይሁን እንጂ በዚህ ስም ከምንጠራቸው ነፍሳት መካከል የአንዳንዶቹ ዝምድና ከእንጨት በላተኞች ጋር ነው። ልዩነቱን ማወቁ ምን እንደሚጠቅም በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

ቦስትሪኪዴ የሚባለው የጥንዚዛ ቤተሰብ አባላት በአብዛኛው ደረቅ እንጨት የሚቦረቡሩ ናቸው። ከመካከላቸው ሁለቱ፣ ማለትም ትንሹ የእህል ቦርቧሪ (ራይዞፐርታ ዶሚኒካ) እና ትልቁ የእህል ቦርቧሪ (ፕሮስቴፋነስ ትሩንካተስ)፣ የእህል ዋነኛ ተባዮች ሆነዋል። የትልቁ ቦርቧሪ ጥንተ አገር ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወደ ታንዛኒያ ገባ፤ በ1983 በጎረቤታችን ኬንያ፣ በ1984 ደግሞ በቶጎ ተገኘ። በታንዛኒያ ገበሬዎች ጎተራ ለጥቂት ወራት በተቀመጠ በቆሎ ላይ እስከ 34 በመቶ የሚደርስ የክብደት መቀነስ አስከትሏል። ገበሬዎቹም በከባድ የጭነት መኪና ስም «ስካኒያ» ብለው ሰየሙት።

ለመለየት አጉሊ መነጽርና ነጭ ወረቀት ይበቃሉ። በመጀመሪያ ጭንቅላቱን ከጎን እንመልከት። የበቆሎ ነቀዝ እንደ ዝሆን ኩምቢ ወደፊት የተዘረጋ አፍ አለው፤ በጀርባውም ላይ ብዙውን ጊዜ 4 ቀላ ያሉ ነጥቦች ይታያሉ። ቦርቧሪዎቹ ግን ኩምቢ የላቸውም። ሰውነታቸው እንደ በርሜል ድብልብል ሲሆን፣ ጭንቅላታቸው ከደረታቸው ሽፋን ሥር ስለተደፋ ከላይ ሲያዩት አይታይም።

ቀጥሎ ሁለቱን ቦርቧሪዎች እርስ በርስ እናነጻጽር። ትንሹ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ የኋላ ጫፉም ክብ ነው። ትልቁ ከ3 እስከ 4.5 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ የኋላ ጫፉ በቢላዋ የተቆረጠ ያህል ጠፍጣፋና ቁልቁል ነው። በበቆሎው መካከል የተትረፈረፈ ዱቄት ማየትም ስለ ቦርቧሪው መኖር ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል።

ልዩነቱ ወሳኝ የሚሆነው መድኃኒት ሲመረጥ ነው። ፒሪሚፎስ ሜቲል ነቀዝን በሚገባ ቢገድልም በትልቁ ቦርቧሪ ላይ ኃይሉ ደካማ ነው። በአንጻሩ ፐርሜትሪን ቦርቧሪውን ሲያጠቃ ነቀዝን የመቆጣጠር አቅሙ አነስተኛ ነው። በመሆኑም ሁለቱ ተባዮች አብረው በሚገኙበት ቦታ የሁለቱ ድብልቅ ዱቄት ጥቅም ላይ ውሏል። ተባዩን ሳይለይ መድኃኒት የገዛ ገበሬ ገንዘቡንም እህሉንም ሊያጣ ይችላል።

ከዚህም ሌላ ትልቁ ቦርቧሪ በደረቅ እንጨት ውስጥ መኖርና መራባት ይችላል። ስለዚህ እህሉ ወጥቶ ወለሉ ቢጠረግም፣ በጎተራው ምሰሶና ማገር ውስጥ የተደበቀው ጥንዚዛ አዲሱን ምርት ሊጠብቅ ይችላል። የጎተራ እንጨት በስፋት በምንጠቀምበት አገር ይህ በቀላሉ የሚታይ ጉዳይ አይደለም። አዲስ እህል ከማስገባታችን በፊት እንጨቱን እንመርምር፤ የተቦረቦረውን እንለውጥ። አጠራጣሪ ጥንዚዛ ስናገኝም በአልኮል ውስጥ አስቀምጠን ለግብርና ባለሙያ እናሳይ።