የጓሮ ቤት ሊሠሩ ነው? በቦታው ይገንባ፣ ከፋብሪካ ይምጣ ወይስ ጋራዡ ይለወጥ?

አዲስ አበባ ላደገ ሰው ሰርቪስ ቤት ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ከዋናው ቤት ጀርባ ተደርድረው የሚሠሩት ክፍሎች ለአንዱ ወጥ ቤት፣ ለሌላው የዘመድ ማረፊያ፣ ለብዙው ደግሞ የኪራይ ገቢ ነበሩ። ገንዘብ ሲገኝ ግድግዳው ይቆማል፤ ሲያልቅ ሥራው ይቋረጣል፤ ለከርሞ ቆርቆሮው ይለብሳል።

ዛሬ በካምቤልና በአካባቢዋ ቤት የገዙ ወገኖቻችን ይህንኑ ሰርቪስ ቤት በጓሯቸው ለመሥራት ያስባሉ። ለእናት ወይም ለአባት የገባው ማመልከቻ ተሳክቶ ግሪን ካርዱ ሲደርስ ማረፊያ ያስፈልጋል። ኪራይም ቢሆን የታክሲውን ወይም የሱቁን ገቢ ይደግፋል። ነገር ግን እዚህ እንደ አገር ቤት ጀምሮ ማቆየት አይቻልም። ምርመራ ሳይደረግበት ለረጅም ጊዜ የቆመ ግንባታ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ የባንኩ ወለድ ግን መቁጠሩን አያቆምም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «የትኛው ቤት ያምራል?» ሳይሆን «የትኛው አሠራር ለግቢዬ፣ ለገንዘቤና ለጊዜዬ ይስማማል?» የሚለው ነው።

በቅድሚያ ሕጉን ይወቁ

የካሊፎርኒያ ሕግ ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ፣ ይበልጡንም ከ2020 ወዲህ፣ ከተሞች የጓሮ ቤትን እንዳይከለክሉ አድርጓል። በእንግሊዝኛ አጠራሩ ኤ.ዲ.ዩ. ይባላል። የመኖሪያ ቤት ባለበት ግቢ ውስጥ ስፋቱ እስከ 800 ስኩዌር ፊት (74 ካሬ ሜትር ያህል)፣ ቁመቱ እስከ 16 ጫማ የሆነ፣ ከጎንና ከኋላ ወሰን 4 ጫማ የራቀ ቤት በአጠቃላይ ይፈቀዳል። ማዘጋጃ ቤቱ የተሟላ ማመልከቻ ከደረሰው በኋላ በ60 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ድምፅ አይሰጥበትም። ከ750 ስኩዌር ፊት በታች ከሆነ ከተማዋ ለልማት የምታስከፍለው ክፍያ የለበትም። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ከተሞች አስቀድሞ የጸደቀ ፕላን የሚቀበሉበት አሠራር እንዲኖራቸው ታዘዋል። እንዲህ ያለ ፕላን ይዞ የቀረበ ሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ ያገኛል።

ለምን እንጨት?

ከአገራችን የመጣ ሰው ብሎኬት ይወዳል። የእንጨት ቤት ሲያይ «ይህም ቤት ተባለ?» ይላል። በዚህ አካባቢ ግን ቤት ሲሠራ በመጀመሪያ የሚታሰበው የምድር መንቀጥቀጥ ነው። ኦክቶበር 17 ቀን 1989 በመጠን 6.9 የሆነው የሎማ ፕሪየታ መንቀጥቀጥ ለካምቤል ጎረቤት በሆነችው ሎስ ጋቶስ ብዙ ቤት ጎድቷል። ብረት ያልገባበት ጡብና ብሎኬት ሲናወጥ ይሰነጠቅና ይናዳል። እንጨት ቀላልና ተጣጣፊ በመሆኑ ይወዛወዛል እንጂ በቀላሉ አይፈርስም። ይህ የሚሆነው ግን ከመሠረቱ ጋር በብሎን ሲታሰርና ግድግዳው በፕላይውድ ሲጠነክር ነው። ያኔ ከመሠረታቸው ተንሸራተው ከወደቁት መካከል ያልታሰሩ አሮጌ የእንጨት ቤቶችም ነበሩ። በብረት የተጠናከረ ብሎኬት አይከለከልም፤ ወጪው ግን ይከብዳል።

አንደኛው መንገድ፦ በቦታው መገንባት

መሠረቱ ይቆፈራል፣ ኮንክሪቱ ይፈሳል፣ እንጨቱ እዚያው ተቆርጦ ይቆማል። ጠባብ፣ ጠማማ ወይም ዛፍ የበዛበት ግቢ ካለዎት እንደ ቦታው ቅርጽ ሊሠራ ይችላል። ክፍያውም ሥራው በተራመደ መጠን ነው። ጉዳቱ ጊዜው ነው። በጓሮዎ ለብዙ ወራት መዶሻና መጋዝ ይሰማል፤ ማታ ታክሲ ነድቶ ቀን ለሚተኛ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪም ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት፣ ግድግዳው ከመሸፈኑ በፊት፣ በመጨረሻም እያለ ደጋግሞ ይመጣል። በዚያ ሰዓት እርስዎ ሱቅ ውስጥ ከሆኑ በር የሚከፍትለት ሰው ያስፈልግዎታል።

ሁለተኛው መንገድ፦ ከፋብሪካ ማስመጣት

ይህ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በካሊፎርኒያ የግንባታ ሕግ መሠረት በፋብሪካ ተሠርቶ በክፍል በክፍል የሚመጣው ሞጁላር ነው። ሁለተኛው ማኑፋክቸርድ ሆም የሚባለው ሲሆን፣ ከ1976 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራል ደንብ መሠረት በብረት ሻሲ ላይ የሚሠራ ነው። ሻጩ የትኛው እንደሆነ በግልጽ እንዲነግርዎት ይጠይቁ፤ የባንክ ብድሩም ሆነ በኋላ የሚሸጥበት ዋጋ በዚህ ሊለያይ ይችላል።

የፋብሪካ ቤት ጥቅሙ ጊዜ ነው። ቤቱ በፋብሪካ ሲሠራ በጓሮዎ መሠረቱና የቱቦው ቦይ ጎን ለጎን ይሠራሉ። የቤቱ ውስጠኛ ክፍል ፋብሪካው ውስጥ ስለሚመረመር የከተማዋ ተቆጣጣሪ በዋናነት የሚያየው መሠረቱን፣ አተካከሉንና መስመሮቹን ነው። ነገር ግን ቤቱ ጓሮው ድረስ መግባት አለበት። በአሮጌ የካምቤል መንገዶች የኤሌክትሪክ ሽቦና ትልልቅ ዛፎች ሊያግዱ ይችላሉ። በጎን በኩል መግቢያ ከሌለ በክሬን ከዋናው ቤት በላይ አሻግሮ ማውረድ ሊያስፈልግ ነው። እንግዲህ ውል ከመፈረምዎ በፊት የኩባንያው ሰው መጥቶ መንገዱንና ግቢውን ይለካ፤ የክሬኑንም ዋጋ በጽሑፍ ይስጥዎት።

ሦስተኛው መንገድ፦ ጋራዡን መለወጥ

ጣሪያና ግድግዳ ስላለ ብዙ ጊዜ ወጪው አነስተኛ ነው። ለመኪና ሌላ ማቆሚያ እንዲሠሩ ከተማዋ ልታስገድድዎት አትችልም። ቢሆንም አሮጌ ጋራዥ ለመኪና እንጂ ለሰው አልተሠራም። ወለሉ እርጥበት የሚያስገባ፣ ወደ በሩ ያዘነበለ፣ መሠረቱም ደካማ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ በባለሙያ ይታይ። ያለ ፈቃድ የተለወጠ ጋራዥ ያለው ሰውም ተስፋ አይቁረጥ። ከ2020 በፊት የተሠራ ከሆነ ከ2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ ወደ ሕጋዊነት የሚመለስበትን መንገድ አቅልሎለታል።

ዋጋ ሲያወዳድሩ

በማስታወቂያ የሚታየው የፋብሪካ ዋጋ ብዙ ጊዜ የቤቱ ብቻ ነው። መሠረቱ፣ ማጓጓዣው፣ የፍሳሽ ቦዩ፣ የውሃው መስመርና የኤሌክትሪኩ ሳጥን ገና አልተቆጠሩም። የካምቤል ፍሳሽ የሚተዳደረው በዌስት ቫሊ ሳኒቴሽን ዲስትሪክት ሲሆን፣ ኤሌክትሪኩ ደግሞ በፒ.ጂ. ኤንድ ኢ. በኩል ነው። አሮጌው 100 አምፔር ሳጥንዎ ሁለት ቤት የማይችል ከሆነ መለወጡ ገንዘብም ጊዜም ይበላል። ስለሆነም ለሁሉም ተጫራቾች አንድ ዓይነት ዝርዝር ሰጥተው ቁልፉ እጅዎ እስኪገባ ያለውን ሙሉ ዋጋ ይጠይቁ።

ግብሩንም አይርሱ። በ1978 በወጣው ፕሮፖዚሽን 13 መሠረት የዋናው ቤት ግምት እንዳለ ይቆያል፤ በግምቱ ላይ የሚጨመረው የአዲሱ ቤት ዋጋ ብቻ ነው።

የገንዘቡ አመጣጥ

የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ባንክ በተለምዶ የሁለት ዓመት የታክስ ወረቀት ያያል፤ የሚቆጥረውም የቤንዚን፣ የጥገናና የሌላው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የቀረውን ነው። ለወላጅ የሚሞላው የድጋፍ ቃል፣ ፎርም አይ-864፣ የሚጠይቀውም የታክስ ወረቀትዎን ነው። ስለዚህ ወላጅ ለማስመጣትም ቤት ለመሥራትም ያሰበ ሰው ከሂሳብ ባለሙያው ጋር ቀደም ብሎ ይምከር።

በቦታው ለሚሠራ ቤት ባንክ ብድሩን ሥራው በደረሰበት ደረጃ ይለቃል። ፋብሪካ ግን ገና አንድ እንጨት በጓሮዎ ሳይታይ ከፍ ያለ ገንዘብ ሊጠይቅ ይችላል። ፋብሪካው ቢከስር ምን ይሆናል? ይህን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ገንዘብዎም በገለልተኛ ወገን፣ በኤስክሮ፣ እንዲቀመጥ ይደራደሩ።

ውል ሲፈርሙ

የኮንትራክተሩን ላይሰንስ ከካሊፎርኒያ የኮንትራክተሮች ቦርድ ያረጋግጡ። በግዛቱ ሕግ የቤት ግንባታ ኮንትራክተር በቅድሚያ መቀበል የሚችለው የውሉን 10 በመቶ ወይም 1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ አነስተኛውን ነው። የ200,000 ዶላር ሥራ ቢሆንም ቅድሚያው ከ1,000 ዶላር አይበልጥም። ከዚህ ነፃ የሆኑት ልዩ የዋስትና ቦንድ ያስመዘገቡ ጥቂቶች ብቻ ናቸው። «ዕቃ ልግዛበት» ብሎ 30,000 ዶላር የሚጠይቅ ሲያጋጥምዎ ቆም ይበሉ። ኮንትራክተሩ ሠራተኛውንና ዕቃ አቅራቢውን ሳይከፍል ቢቀር እነሱ በእርስዎ ቤት ላይ እዳ ማስመዝገብ ይችላሉ። ስለዚህ በየክፍያው ተከፍለናል የሚል የተፈረመ ወረቀት ይቀበሉ።

ደቦ ባህላችን ነው። ይሁን እንጂ ፈቃዱን በራስዎ ስም አውጥተው ወዳጅዎን በክፍያ ቢያሠሩ አሠሪው እርስዎ ይሆናሉ። የሠራተኛ ኢንሹራንስ ሳይኖርዎት ሰውየው ከመሰላል ቢወድቅ ሱቅዎም ቤትዎም አደጋ ላይ ይወድቃሉ።

ታዲያ የቱን ይምረጡ?

ጋራዡ ጠንካራ ከሆነና የሚያርፉት እናትዎ ብቻ ከሆኑ ከጋራዡ ይጀምሩ። ሰፊ መግቢያ፣ የተዘጋጀ ገንዘብና ጥቂት ጊዜ ካለዎት ፋብሪካው ይስማማዎታል። ግቢው አስቸጋሪ ከሆነና ገንዘቡ በየደረጃው የሚመጣ ከሆነ በቦታው መገንባት ይሻላል። በመጀመሪያ ግን ወደ ካምቤል ማዘጋጃ ቤት የፕላን ክፍል ሄደው ስለ ግቢዎ ይጠይቁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በኮንክሪት የፈሰሰ ስህተት መልቀሙ ከባድ ነው።

ለቤትዎ መልካም መሠረት እንመኛለን።