ከእጥፍ ስሌት እስከ ሎጂክ ጌት፦ ተረትና እውነታ

«የኮምፒውተር አሠራር የተቀዳው ከኢትዮጵያ ገበሬ ማባዣ ነው» የሚል ወሬ በአገር ቤትም በውጭም በኩራት ይነገራል።

ስሌቱስ እውነተኛ ነው። ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ አንድ እንቁላል 12 ብር ቢሆንና 5 ቢገዙ፣ በግራ 5ን እያጋመሱ ሽራፊውን ይጥላሉ፦ 5፣ 2፣ 1። በቀኝ 12ን እጥፍ እያደረጉ ይወርዳሉ፦ 12፣ 24፣ 48። በግራው ተጋማሽ ቁጥር ያለበት ረድፍ ይሰረዛል፤ 2 ከነ24ቱ ይወጣል። የቀሩት 12 እና 48 ተደምረው 60 ብር ይሆናሉ።

ተረቱ «ተቀዳ» የሚለው ነው። በእጥፍ ማባዛትን የጥንት ግብፃውያንም ያውቁት ነበር፤ በሩሲያ ገበሬዎች ስምም ይጠራል። የኮምፒውተር መንገድ ሌላ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1703 ላይብኒዝ የ0 እና የ1ን ሒሳብ አሳተመ፤ በ1854 ጆርጅ ቡል የአመክንዮን አልጀብራ በመጽሐፍ ዘረጋ፤ በ1937 ክሎድ ሻነን ይህ አልጀብራ በኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ እንደሚሠራ አሳየ። ያልነበረ ታሪክ ሳንጨምርበትም ዝምድናው ያስደንቃል። 5 በ0 እና 1 ሲጻፍ 101 ነው፤ መካከለኛው 0 ያ የተሰረዘው ረድፍ ነው። በኮምፒውተሩ ቺፕ ውስጥ የሚሰርዘው ኤንድ የተባለው ሎጂክ ጌት ነው፤ ሁለቱም ግብዓቶች 1 ካልሆኑ 1 አያወጣም።

ከዚያ መደመር ይመጣል፤ እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይሳሳታል። በቡል አልጀብራ ኦር የሚጻፈው በመደመር ምልክት ስለሆነ «ኦር የመደመሪያ ጌት ነው» ይባላል። ግብዓቶቹን በየረድፉ ከነውጤታቸው የሚዘረዝረውን የእውነት ሰንጠረዥ እስከ መጨረሻው ረድፍ ያወረደ ሰው ግን አይታለልም። በ0 እና 0፣ በ0 እና 1፣ በ1 እና 0 ኦር ልክ ይመስላል። በ1 እና 1 ግን ኦር 1 ይላል፤ ትክክለኛው ድምር 0 ተጽፎ በእጅ 1 ይያዛል። የሚጻፈውን አሃዝ የሚያወጣው ኤክስኦር ጌት፣ በእጅ የሚያዘውን የሚያወጣው ኤንድ ጌት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ይጣመራሉ።

ከቀድሞው ዓምድ በእጅ የተያዘው ሲታከል ግብዓቶቹ ሦስት ይሆናሉ። የሰንጠረዡ ረድፎችም 6 አይደሉም፤ እያንዳንዱ ግብዓት እጥፍ ስለሚያደርጋቸው 8 ናቸው። ለየጌቱ ውጤት የራሱ ዓምድ ይሰጠው፤ በቃል ከመሸምደድ ይህ ይሻላል። ከስምንቱ የመጨረሻው 1፣ 1፣ 1 ሲሆን፣ 1 ተጽፎ 1 በእጅ ይያዛል። ቺፑ 3 እና 3 ደምሮ 6 የሚያገኘው በዚህ ረድፍ በኩል ነው።