ብርድ የሚያስገቡት የጆሃንስበርግ አሮጌ ወለሎች

በጆሃንስበርግ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ እንደ ኢትዮጵያ ክረምት ዝናባማ ሳይሆን ደረቅና ብርዳም ነው። ዮቪልን በመሳሰሉ ነባር ሰፈሮች፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የተነጠፈ የጣውላ ወለል ባላቸው ቤቶች፣ ሞቃት አየር በጣሪያ በኩል ሲያመልጥ ቀዝቃዛው ከወለሉ ሥር ገብቶ ይተካዋል። 4 ሜትር ርዝመትና 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ክፍተት ብቻውን 120 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ነው፤ ከአዋቂ ሰው መዳፍ አያንስም።

የተለመደው መላ ሰጋቱራን በኮላ ለውሶ መድፈን ነው። ይሁንና እንጨት በደረቁ ወራት ይኮማተራል፣ በዝናቡ ወራት እርጥበት ስቦ ያብጣል፤ የጠነከረው ድፍን አብሮት ስለማይንቀሳቀስ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ለሰፊው ክፍተት በአንድ ጎኑ ብቻ ኮላ የተቀባ ቀጭን የእንጨት ስንጥር፣ ለጠባቡ ደግሞ ተጠቅጥቆ የሚገባ ሲባጎ ይሻላል። በግድግዳው ግርጌ ያሉት የአየር ቀዳዳዎች ግን ክፍት ሆነው መቆየት አለባቸው፤ ከታች የታመቀ እርጥበት ወለሉን የተሸከሙትን እንጨቶች ያበሰብሳል።

ከሁሉ የሚብሰው አደጋ የከሰሉ ነው። ክፍተቶቹ ሲደፈኑ ወደ ክፍሉ የሚገባው ንጹሕ አየር ይቀንሳል፤ ቡና የፈላበት ከሰል የሚያመነጨው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም። ክፍተት ያለው ወለልም ቢሆን ዋስትና አልነበረም። ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠል፤ የጠፋ የሚመስል ፍምም ሰው በተኛበት ክፍል አይደር።