በቱቦ ምሰሶ ውስጥ አፈር ምን ይሆናል?

ወደብ ወይም ድልድይ በለስላሳ መሬት ላይ ሲሠራ፥ ጫፉ ክፍት የሆነ የብረት ቱቦ ወደ ምድር ተሰዶ ምሰሶ ይሆናል፤ አፈርም ከታች ይገባበታል።

ቱቦው በክሪክ በዝግታ ሲጫን፥ የገባው አሸዋ ግድግዳውን ጨብጦ እንደ ጠርሙስ ቡሽ ይወትፈዋል፤ ምሰሶውም ጫፉ ድፍን እንደ ሆነ ያህል ይሸከማል። በመዶሻ ሲመታ ግን ቱቦው በድንገት ስለሚወርድ ከባዱ የውስጥ አፈር ሊከተለው አይችልም፤ ቱቦው አልፎት ይወርዳል። በሚያንቀጠቅጥ መኪና ሲሆንማ አሸዋው ጭራሹን ይላላል።

ቱቦው ሲሰፋም መወተፉ ይቀንሳል፤ በ1990 ዓ.ም. በተከፈተው በባንግላዴሽ የጃሙና ድልድይ በመዶሻ የተተከሉት ቱቦዎች እስከ 3.15 ሜትር ይሰፋሉ። እንግዲህ መሐንዲሱ የሌለውን ቡሽ አለ ብሎ ቢያሰላ ምሰሶው ሊሰጥም ይችላል! ስለዚህ ክብደት የታሰረበት ገመድ በቱቦው ውስጥ ያወርዳል፤ የውስጡ አፈር ከውጭው መሬት ጋራ እኩል ከሆነ ቡሽ የለም፥ ዝቅ ካለ ግን ተወትፏል።