የተቆለፉት ክፍሎች ኪራይ

የደብረ ታቦር ሚኒባስ እስኪሞላ ወረታ መናኸሪያ አጠገብ ቡና እየጠጣሁ ነበር። ቡናውን የሚያፈሉት እናት ስለ አዲሱ የኪራይ አዋጅ በሬዲዮ ሰምተው ኖሮ፣ “ደግሞ እንደ ኮሮናው ጊዜ ሊያደርጉን ነው?” አሉ። ሚኒባሱ ሞላና ሄድኩ፤ ነገሩ ግን አልለቀቀኝም። ስመለስ ቤታቸው ጎራ አልኩ።

ከዋናው ቤት ጀርባ በጭቃ የተመረጉ፣ ቆርቆሮ የለበሱ አራት ክፍሎች ተደርድረዋል። በኮሮናው ጊዜ ተከራዮቹ ከናበጋ፣ ከሻጋና ከዋገጠራ ገጠር ቀበሌዎች የሚመጡ ተማሪዎች ነበሩ። ኪራዩም ብዙ ጊዜ የሚከፈለው አባት ሩዙን ሲሸጥ ነበር።

መጋቢት 2012 ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹ ክፍላቸውን ቆልፈው አገራቸው ገቡ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012 ታወጀ። ማስፈጸሚያ ደንቡ፣ ቁጥር 466/2012፣ ተከራይ ማስወጣትንና ኪራይ መጨመርን ከለከለ። የጣሰ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር መቀጮ ይጠብቀው ነበር።

“ልጆቹን ምን ልበላቸው? እኔም ወልጃለሁ” ይላሉ እናት። “ግን ክፍሉ ውስጥ ያለው አንድ ድስት፣ አንድ ጀሪካንና የተጠቀለለ ቁርበት ነው። ለድስትና ለቁርበት ቤት አከራየሁ! ቁልፉን ልስበር ስል ‘ትታሰሪያለሽ’ አሉኝ። መንግሥት ለተከራይ ማዘኑ ደግ ነው፤ ግን በእኔ ኪስ ለምን ያዝናል? በራሱ ኪስ ይዘን እንጂ።”

አከራይን እንደ ባለጸጋ የማየት ልማዳችን ሥሩ ሩቅ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ያኔ ብዙ የከተማ ቦታና የኪራይ ቤት በመኳንንትና በሹማምንት እጅ ስለነበር፣ ብዙ ተከራይ እፎይ ብሏል። ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራይም ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ከዚያ ግን ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት ባለበት ቆመ፤ ገቢው ማደሻ አልበቃ ብሎ የቀበሌ ቤቶች ጣሪያቸው አፈሰሰ፣ ግድግዳቸው ዘመመ። አዋጁ የተነሳባቸው ባላባቶች ካለፉ ቆይተዋል። ዛሬ ወረታ ላይ አከራይ ከሚባሉት ውስጥ ቡና አፍልተው የሚያድሩ እናት አሉ።

አሜሪካም ከመስከረም 2020 እስከ ነሐሴ 2021 በእነሱ አቆጣጠር ማስወጣትን አግዳ ነበር። ምክር ቤቷ ግን ላልተከፈለ ኪራይ ከ46 ቢሊዮን ዶላር በላይ መድቧል፤ ገንዘቡም በአብዛኛው በቀጥታ ለአከራይ ይከፈል ነበር። የእኛ ደንብ እንዲህ ያለ ማካካሻ አልነበረውም። ለምን እንደሆነ አንድ የቤት ጉዳይ ኃላፊን ጠየቅኩ። “ጊዜው ልዩ ነበር” ብለው ወደ ስብሰባ ገቡ።

እገዳው በአምስት ወሩ አበቃ፤ ትምህርት ቤቶች መከፈት የጀመሩት ጥቅምት 2013 ነው። ከወላጆቹ አንዱ ሩዝ ጭኖ መጣ፤ ሌላው ድስቱን ብቻ ወሰደ። እናት አሁን ሁለቱን ክፍል ለሩዝ ነጋዴ አከራይተዋል፤ ተማሪ ከሆነ ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃሉ።

እናት በሬዲዮ የሰሙት የ2016ቱ የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያ ክፍያን በ2 ወር ይገድባል፤ ውሉም ከ2 ዓመት እንዳያንስ ያዛል። የትኞቹ ከተሞች ይካተቱ የሚለውን የሚወስኑት ክልሎች ናቸው። ውሉ 2 ዓመት ከሆነ፣ ሰኔ ላይ አገሩ የሚገባ ተማሪ የሐምሌንና የነሐሴን ኪራይ ማን ይክፈልለት? ክልሉ ወረታን ከመጨመሩ በፊት ይህን መመለስ አለበት።